ከካማራን ደሴት እስከ ቢጫ ካርድ፦ የሐጅ መንገድና የመርፌው ታሪክ



የሐጅ ወቅት ሲቃረብ ጉርድ ሾላ አካባቢ ተጓዥ ያለበት ቤት ከሩቅ ይታወቃል። ደጃፉ ላይ ጫማ ይደረደራል፣ ቡናው አይቋረጥም፣ የመጣው ሁሉ «ዐፍው በሉኝ፣ በዱዓ አትርሱኝ» ብሎ ይወጣል። የዛሬው ጽሑፍ የተነሳው እንዲህ ባለ ቤት ተቀምጠን ሳለ ነው። ለጉዞ የተሰናዱት እናታችን ክንዳቸውን እያሻሹ፣ «የቢጫ ወባውን አስቀድመው ወጉኝ፣ የማጅራት ገትሩን ትናንት ወጉኝ፣ አሁን ደግሞ የጉንፋንም አለ፣ ቢወጉት ጥሩ ነው አሉኝ» አሉ። የልጅ ልጃቸው ሳቀ። «ለጉንፋን ደግሞ መርፌ? ዳማከሴ አለ አይደል እንዴ እማማ!» እኛም አብረን ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ለመሆኑ ለዒባዳ በሚሄድ ሰው ላይ ይህ ሁሉ መርፌ ከየት መጣ?» ብለው ጠየቁን።

ዞር ብለን እርስ በርስ ተያየን። የሚመልስ አልነበረም። ስለ ሐጅ አደራረግ ብዙ ተምረናል፤ ሐጃጁ በየዘመኑ ከበሽታ ጋር ስላሳለፈው ታሪክ ግን የነገረን የለም። ከዚያ ቀን በኋላ ጠይቀንና አንብበን ያገኘነውን ዛሬ እናካፍላችኋለን። ጽሑፉ ረዘም ያለ ነውና በትዕግሥት አንብቡት። (ዓመታቱ ሌላ ካልተባለ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

◆ ከሻም ደጃፍ የተመለሱት ኸሊፋ

ነገሩን ከሥሩ እንጀምር። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በ639 አካባቢ፣ ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ከመዲና ወደ ሻም እየተጓዙ ሳለ የጦር አዛዦቹ መንገድ ላይ ተቀብለው ሀገሩ ላይ ወረርሽኝ መግባቱን ነገሯቸው። ዑመር ሰሐቦችን ሰብስበው አማከሩ። ገሚሱ እንግባ አለ፣ ገሚሱ እንመለስ አለ። ኸሊፋው ለመመለስ ወሰኑ። የሻሙ አዛዥ አቡ ዑበይዳ ኢብኑል ጀራሕ (ረ.ዐ) ይህ ከአላህ ቀደር መሸሽ አይሆንም ወይ ሲሉ ጠየቁ። ዑመርም ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ መለሱላቸው። ኋላ ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) መጥተው፣ ወረርሽኝ ወዳለበት ሀገር ማንም እንዳይገባ፣ ወረርሽኙ የደረሰበት ሰውም ሸሽቶ እንዳይወጣ ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰሙትን ተናገሩ። ታሪኩ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። አቡ ዑበይዳ ከሰዎቻቸው ጋር እዚያው ቆዩ፤ የዐምዋስ ወረርሽኝ ተብሎ በሚታወቀው በዚያው በሽታም አረፉ።

ይህን ሐዲስ ብዙዎቻችን በኮሮና ጊዜ ሰምተነዋል። ግን ሁለት ክፍል እንዳለው ልብ እንበል። «አትግባ» የሚለው ራስህን ለመጠበቅ ነው። «አትውጣ» የሚለው ግን ሌላውን ሰው ለመጠበቅ ነው፤ የማታውቀውን፣ በሚቀጥለው ከተማ የሚኖረውን ሰው። ከዚህ በታች የምንተርከው ታሪክ ሁሉ በዚህ በሁለተኛው ክፍል ዙሪያ የሚዞር ነው።

◆ በሽታው ከሐጃጁ ጋር ሲሳፈር

በድሮው ዘመን መንገዱ ራሱ ኳራንቲን ነበር። ከሀገራችን የሚነሳ ሐጃጅ በእግርና በበቅሎ ወደ ቀይ ባሕር ጠረፍ ይወርዳል፣ በጀልባ ይሻገራል። ጉዞው ወራት ይፈጃል። መንገድ ላይ የታመመ እዚያው ይድናል ወይም እዚያው ይቀበራል። በሽታው ከሰውየው ጋር እኩል አይደርስም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህ ተለወጠ። እንፋሎት መርከብ መጣ። በወራት ይደረስ የነበረው በቀናት ሆነ። በዚያው ዘመን ኮሌራ ከሕንድ ቤንጋል ተነስቶ ዓለምን ማዳረስ ጀመረ። መካ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በብርቱ የታየው በ1831 ነው። ከከፉት አንዱ ደግሞ የ1865ቱ ነበር። በዚያ ዓመት ሐጅ ካደረጉት 90 ሺህ ያህል ሰዎች 15 ሺህ ያህሉ እንደሞቱ ይገመታል። የተረፉት በመርከብ ወደ ስዊዝ፣ ከስዊዝ ወደ እስክንድርያ ሲመለሱ ኮሌራው አብሯቸው ነበር። ግብፅ ውስጥ ብቻ በጥቂት ወራት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ከእስክንድርያ ወደ ማርሴይ፣ ከዚያም ወደ ቀረው አውሮፓና እስከ አሜሪካ ዘለቀ።

ሀገራችንም አልቀረላትም። ኮሌራ በዚያው ክፍለ ዘመን በተደጋጋሚ ጎብኝቷታል። በ1866 ጣና ሐይቅ ዳር ቆራጣ ሰፍሮ የነበረው የአፄ ቴዎድሮስ ጦር በኮሌራ ተመትቶ ወደ ደብረ ታቦር ለመነሳት ተገድዶ ነበር።

በዚያው በ1866 የመንግሥታት ተወካዮች ኢስታንቡል ላይ ለዓለም አቀፍ የጤና ጉባኤ ተሰበሰቡ። ዋናው ጉዳይ የሐጅ መንገድ ነበር። ዛሬ ፓስፖርታችን ውስጥ አጣጥፈን የምንይዘው ቢጫ ካርድ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የምንሞላው የጤና ቅጽ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የጉዞ ደንብ፣ የዘር ሐረጋቸው ቢቆጠር ወደ እነዚያ ጉባኤዎች ይደርሳል። የዓለም የጤና ሕግ ሲጸነስ የሐጃጁ ጉዞ ከመነሻዎቹ አንዱ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

◆ ካማራን

ከጉባኤዎቹ በኋላ መፍትሔ ተብሎ የመጣው መርፌ አልነበረም። ማቆያ ነበር።

ከየመን ጠረፍ ፊት ለፊት ቀይ ባሕር ላይ ካማራን የምትባል ትንሽ ደረቅ ደሴት አለች። የኦቶማን መንግሥት በ1880ዎቹ መጀመሪያ እዚያ የኳራንቲን ጣቢያ ከፈተ። ከደቡብ በባብ አልመንደብ በኩል የሚመጡ የሐጃጅ መርከቦች መጀመሪያ እዚያ መቆም ግድ ሆነባቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደሴቷ በእንግሊዝ እጅ ገባች፤ ጣቢያው ግን ቀጠለ። በሰሜን በኩል ደግሞ ሐጅ አድርገው ወደ ግብፅ የሚመለሱትን የሚያቆየው በሲና ዳርቻ ያለው የጡር ጣቢያ ነበር።

ካማራን ምን ይመስል ነበር? ሐጃጁ ከመርከብ ይወርዳል፣ ልብሱን ያወልቃል፣ ገላውን ይታጠባል፣ ልብሱና ጓዙ በእንፋሎት ይቀቀላል። ከዚያ ለቀናት ይቆጠራል፤ በመርከቡ ላይ በሽታ ከተገኘ ቆጠራው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ለዚህ ሁሉ የሚከፍለው ደግሞ ሐጃጁ ራሱ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ስንቅ ያጠራቀመ ድሃ ገንዘቡን እዚያ ጨርሶ፣ ሐጁ እንዳያመልጠው በጭንቀት አሸዋ ላይ ተቀምጦ ቀን ይቆጥር ነበር። ስለ አያያዙ አቤቱታ ያልቀረበበት ጊዜ አልነበረም። የቅኝ ገዥዎቹ ሐኪሞች በጻፏቸው ሰነዶች ሐጃጁ ስምና ሀገር እንዳለው ሰው ሳይሆን እንደ በሽታ ተሸካሚ መንጋ የሚቆጠርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ይህን የምንጽፈው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። ዛሬ አንዳንድ ወጣቶቻችን ስለ ክትባት ሲነሳ ወዲያው «ለምን እኛን?» ብለው የሚጠራጠሩት ከባዶ ተነስተው እንዳልሆነ እንድንረዳ ነው። በጤና ስም የተፈጸመ ውርደት በታሪካችን ውስጥ አለ። ነገር ግን ሁለቱን መለየት አለብን። ውርደቱ የማቆያው ነበር። መርፌው ግን ያንን ማቆያ ካስቀሩት ነገሮች አንዱ ነው። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት ጀምሮ የፈንጣጣና የኮሌራ ክትባት ለሐጃጅ እየተስፋፋ መጣ። በ1950ዎቹ ሳዑዲ ዓረቢያ ጅዳ ላይ የራሷን የኳራንቲን ማዕከል ስትከፍት፣ የሐጃጅ ጤና ቁጥጥር ከባዕዳን እጅ ወጥቶ በአስተናጋጇ ሀገር እጅ ገባ። በደሴት ላይ ለቀናት መታሰር ቀርቶ፣ ከቤት ሳይወጡ የሚያልቅ የአንድ ደቂቃ መርፌ ሆነ።

ጡርም ላይ አንድ ልብ የሚነካ ነገር አለ። በ1905 እዚያ ከሞቱ ሐጃጆች አስከሬን አንድ ተመራማሪ አዲስ የኮሌራ ተህዋሲ ዓይነት ለየ። ስሙም በቦታው «ኤል ቶር» ተባለ። ከ1961 ጀምሮ የተነሳው ሰባተኛው የዓለም ኮሌራ ወረርሽኝ፣ አፍሪካንም በ1970 የደረሳት፣ በዚሁ ዓይነት የመጣ ነው። ስማቸው እንኳ ያልተመዘገበ ሐጃጆች ከሞቱ በኋላ ለሕክምና እውቀት ምክንያት ሆነዋል። አላህ ይዘንላቸው።

◆ ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ የገባ ጊዜ

አሁን ወደ ከተማችን እንምጣ። ጉንፋን ምን ሊያደርግ ይችላል ለሚለው ጥያቄ አዲስ አበባ የራሷ መልስ አላት።

ባቡሩ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በዓመቱ የዓለም ኢንፍሉዌንዛ ደረሰ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ህዳር 1911 ነበር፤ ስለዚህም «የህዳር በሽታ» ተባለ። በዚያን ጊዜ የእኛ ጉርድ ሾላ ከከተማው ውጭ ያለ ገጠር ነበር፤ ከተማ ማለት አራዳና የቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ነው። ያቺ ትንሽ ከተማ በሳምንታት ውስጥ ቀባሪ አጣች። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ራሳቸው በጽኑ ታመው ድነዋል፤ ኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸውም አዲስ አበባ ላይ ከ10 ሺህ በላይ ሰው እንደሞተ አስፍረዋል። በዓለም ዙሪያ የሞተው 50 ሚሊዮን ያህል እንደሚደርስ ይገመታል።

በየዓመቱ ህዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ ሲቃጠል፣ ጭሱ መንደሩን ሲሞላው፣ «ህዳር ሲታጠን» እንላለን። ብዙ ልጆች ለምን እንደሆነ አያውቁም። ከእነዚያ ቀናት ጋር የተያያዘ መታሰቢያ ነው። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ አልፎም ከተማዋ አልረሳችም። የረሳችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ በሽታ ዛሬ «ለጉንፋን ደግሞ መርፌ?» ብለን የምንስቅበት የኢንፍሉዌንዛ ዘመድ መሆኑን።

ችግሩ ከቃሉ ይጀምራል። በአማርኛ አፍንጫ የሚያፈሰውንም፣ አልጋ ላይ የሚጥለውንም ሁሉንም «ጉንፋን» እንላለን። ሐኪሞች ግን ይለያዩአቸዋል። ተራው ጉንፋን በብዙ ዓይነት ቫይረሶች ይመጣል፣ በቀናት ይለቃል፤ ለእሱ ዳማከሴውም ዝንጅብሉም ይበቃል። ኢንፍሉዌንዛ ግን ራሱን የቻለ ቫይረስ ነው። በድንገት ያተኩሳል፣ አጥንት ይሰብራል፣ ወደ ሳንባ ምች ሊዞርም ይችላል። በተለይ አረጋውያንን፣ ነፍሰ ጡሮችን፣ ሕፃናትን፣ የስኳር፣ የልብና የአስም ሕመምተኞችን ይጎዳል።

◆ ክትባት ለእኛ እንግዳ አይደለም

አንዳንዶች ክትባት ከውጭ የተጫነብን ነገር ይመስላቸዋል። ታሪኩ ግን ሌላ ይላል። ከፈንጣጣ ታማሚ ቁስል ትንሽ ወስዶ ጤነኛውን ሰው ክንድ ላይ በመጫር ቀለል ያለ ሕመም አሳልፎ ከከባዱ መጠበቅ፣ በምሥራቁ ዓለምና በአፍሪካ አውሮፓ ሳያውቀው የነበረ ልማድ ነው። እንግሊዛውያን የተማሩት ከኦቶማን እናቶች ነው፤ የእንግሊዙ አምባሳደር ሚስት ሌዲ ሜሪ ሞንታጉ በ1717 ከኤድርኔ አይታው ወደ ሀገሯ ጽፋለች። በእኛም ሀገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ የኖረው ናትናኤል ፒርስ የሀገሬው ሰው ይህንኑ ሲያደርግ አይቶ መዝግቧል። «ክትባት» የሚለው ቃል ራሱ መክተብ፣ ማለትም መጻፍ፣ ከሚለው ጋር አንድ ሥር ነው፤ ዓረብኛው «ከተበ»ም ያው ነው።

ይህ የድሮው ዘዴ አደጋ ነበረው፤ የተጫረው ሰው በሽታውን ለሌላ ሊያስተላልፍ ይችላል። ከጊዜ በኋላ የተሻለው ክትባት ተተካ። ኢትዮጵያ ውስጥ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ በ1971 ተጀመረ። ክትባት ሰጪዎቹ በእግር፣ በበቅሎ፣ አልፎ አልፎም በሄሊኮፕተር ተራራውንና በረሃውን አዳረሱ። በሀገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1976 በባሌ፣ ዲሞ በምትባል መንደር ነው። በዓለም ላይ በተፈጥሮ መተላለፍ የመጨረሻው ደግሞ ጎረቤታችን ሶማሊያ፣ መርካ ከተማ፣ በጥቅምት 1977 የታመመው ዓሊ መዓው ማዓሊን ነበር። ዓሊ የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ እየሠራ ያልተከተበው መርፌው ያመኛል ብሎ ስለፈራ መሆኑን ኋላ ራሱ ተናግሯል። ዳነ። ከዓመታት በኋላ የፖሊዮ ክትባት ዘመቻ ላይ ተሰማርቶ፣ በየቤቱ እየዞረ የሚፈሩ ወላጆችን የራሱን ታሪክ እየነገረ ያሳምን ነበር። በ2013 በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ አረፈ። አላህ ይዘንለት።

◆ ቢጫው ካርድ ለምን እኛን ይመለከታል?

የእናታችን የመጀመሪያ መርፌ የቢጫ ወባ ነበር። ይህ ከሌሎቹ ይለያል፤ እዚያ ካለ በሽታ እኛን ለመጠበቅ ሳይሆን፣ ከእኛ ተነስቶ እዚያ እንዳይደርስ ነው። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በኦሞ ሸለቆና አካባቢው፣ በአፍሪካ ከታወቁት ሁሉ ትልቁ የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ተነስቶ 30 ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። ከዚያም በኋላ በ2012 እና 2013 በደቡብ ኦሞ፣ በ2018 በወላይታ፣ በ2020 በጉራጌ ዞን ታይቷል። በሽታው የሚተላለፈው በትንኝ ነው፤ ሚሊዮኖች የሚሰበሰቡባት መካ ላይ አንድ ሕመምተኛ ቢገባ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ነው። ስለዚህ ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሐጃጅ ቢጫ ካርዱን ይጠየቃል። ደስ የሚለው፣ ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የዚህ ክትባት የምስክር ወረቀት ለዕድሜ ልክ የሚያገለግል ሆኗል።

◆ በ1987 የተማርነው

ሁለተኛው፣ የማጅራት ገትሩ፣ ከሁሉ ይልቅ የራሳችን ታሪክ ነው። በ1987 የሐጅ ወቅት መካ ላይ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ተነሳ። ሐጃጁ ወደየሀገሩ ተመለሰ። በ1988 ሱዳንና ቻድ ተመቱ። በ1988 እና 89 ኢትዮጵያ ተመታች፤ በሀገራችን ከ40 ሺህ በላይ ሰው ታመመ፣ ከአንድ ሺህ በላይ ሞተ። ተመራማሪዎች የተህዋሲውን ዘር ሲመረምሩ በመካና በእነዚህ ሀገሮች የታየው አንድ ዓይነት ሆኖ አገኙት።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሐጃጁ ጥፋተኛ አይደለም። ብዙ ጊዜ ተህዋሲውን በጉሮሮው ይዞ የሚመለሰው ሰው ራሱ አይታመምም። ጤነኛ ሆኖ ይመጣል፣ እንኳን ደህና መጣህ ይባላል፣ ይታቀፋል፣ ዘምዘም ያጠጣል፣ ተምር ያካፍላል። የሚታመመው የተቀበለው ሰው ነው፤ ምናልባትም ጭኑ ላይ የተቀመጠው ልጅ። አላህ ሁሉንም ይዘንላቸው፤ ማንም አውቆ አላደረገውም።

ከዚያ በኋላ ሳዑዲ ዓረቢያ የማጅራት ገትር ክትባትን ለሐጃጅ ሁሉ ግዴታ አደረገች። በ2000 እና 2001 ደግሞ ያ ክትባት የማይከላከለው ሌላ ዓይነት ተነሳ፤ ከ2002 ጀምሮ አራት ዓይነቶችን የሚከላከለው ክትባት ግዴታ ሆነ። መካ ከመድረስ ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መወጋት የሚያስፈልገውም ሰውነት መከላከያውን ለመሥራት ጊዜ ስለሚፈልግ ነው። እናታችን «ትናንት ወጉኝ» ሲሉ፣ ከኋላው የሞቱ የስንት ሀገር ሰዎች ታሪክ እንዳለ አላወቁም፤ እኛም አላወቅንም ነበር።

◆ ታዲያ የጉንፋኑስ?

ሦስተኛው መርፌ ግዴታ አይደለም። የሳዑዲ ጤና ሚኒስቴር ለሐጃጅ፣ በተለይ ለአረጋውያንና ተጓዳኝ ሕመም ላለባቸው፣ ይመክረዋል። ምክር ብቻ ስለሆነም ነው የምናልፈው።

የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የተለየው በ1933 ነው፤ ለሕዝብ የተፈቀደው የመጀመሪያው ክትባት በ1945 አሜሪካ ውስጥ ወጣ። ይህ ቫይረስ በየጊዜው መልኩን ይለውጣል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በየካቲትና በመስከረም አካባቢ፣ ቀጣዩ ክትባት የትኞቹን ዓይነቶች መያዝ እንዳለበት ይወስናል። መረጃው የሚመጣው ከየሀገሩ ላቦራቶሪዎች ነው፤ የእኛም ሀገር ከ2008 ጀምሮ ከተመረጡ የጤና ተቋማት ናሙና እየሰበሰበች የኢንፍሉዌንዛ ቅኝት ታደርጋለች። መርፌው በየዓመቱ የሚደገመውም ለዚህ ነው። መከላከያው ለመሥራት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። መቶ በመቶ አይከላከልም፤ ተራውን ጉንፋንም አያስቀርም። የበሽታውን ክብደትና የሞትን አደጋ ግን ይቀንሳል።

ሐጅ አድርጎ የመጣ ሁሉ ስለ ሐጅ ሳል ያውቃል። በ2024 ሐጅ ያደረገው ከ1.8 ሚሊዮን ሰው በላይ ነበር። በጠዋፍ ትከሻ ለትከሻ፣ በሚና ድንኳን ጎን ለጎን፣ በአውቶቡስ አንድ ትንፋሽ። በ2009 አዲሱ የኢንፍሉዌንዛ ዓይነት ዓለምን ሲያስጨንቅ፣ የዓረብ ጤና ሚኒስትሮች አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮችና ሕመምተኞች በዚያ ዓመት ሐጅ ባያደርጉ ብለው መክረው ነበር። በ2020 ደግሞ ሁላችንም ያየነው ሆነ፤ በኮሮና ምክንያት ሐጅ ያደረጉት በሳዑዲ ውስጥ የሚኖሩ 1,000 ያህል ሰዎች ብቻ ነበሩ። ያንን ባዶ መጣፍ በስልካችን አይተን ያላለቀስን ጥቂቶች ነን። በ2022 በሩ ለአንድ ሚሊዮን ሰው ሲከፈት መግቢያው የኮሮና ክትባት ነበር። ከካማራን ዘመን ጋር አነጻጽሩት፤ መንገዱ ሲዘጋ የሚከፍተው ይህችው መርፌ ሆና ተገኘች።

◆ ለእናንተ ለወጣቶች

ይህ ጉዳይ የወላጆቻችን ብቻ መስሎ ከታያችሁ፣ በብዙ ቤት ፎርሙን የምትሞሉት፣ ቀጠሮ የምትይዙት፣ ቦሌ ድረስ የምትሸኙት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ አደራ የምንላችሁ፦

የሚያስፈልገውን ክትባት ለመጨረሻው ሳምንት አታስቀሩ። መጠይቁ ከዓመት ዓመት ስለሚቀያየር የዘንድሮውን ከጉዞ አስተባባሪዎቻችሁና ከጤና ተቋም አረጋግጡ። ካርዱን ፎቶ አንሱት፣ ዋናውን ከፓስፖርቱ ጋር አኑሩት።

የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በሀገራችን መደበኛ የክትባት ፕሮግራም ውስጥ ስለሌለ እንደ ሌሎቹ በቀላሉ ላይገኝ ይችላል። ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቀር ጠይቁ። ወላጆቻችሁ ውጭ ሀገር ልጆቻቸውን ጠይቀው ወይም እዚያ አርፈው የሚያልፉ ከሆነ፣ ያለው እህት ወይም ወንድም ይውሰዳቸው፤ በብዙ ሀገሮች ፋርማሲ ውስጥ እንኳ ይሰጣል። የምትኖሩት በዓረብ ሀገር፣ በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ ከሆነም ለዕረፍት ወደ ቤት ስትመጡ ይህንኑ አስቡ።

የስኳር፣ የልብ፣ የአስም ሕመም ወይም የመድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር። ሐላልነቱ የሚያሳስበው ካለ የሚያውቅ ዓሊም ይጠይቅ እንጂ በስልክ በሚዞር ድምፅ አይወስን። ስናስል አፋችንን መሸፈን፣ እጃችንን መታጠብ፣ ስንታመም ማስክ ማድረግም አይቅር፤ መርፌው እነዚህን አይተካም።

◆ ወደ እናታችን ጥያቄ

ያገኘነውን ይዘን ተመለስን። ስለ ካማራን ስንነግራቸው ከንፈራቸውን መጠጡ። ስለ ህዳር በሽታ ስንነግራቸው የእናታቸው እናት ስለዚያ ዘመን ይሉ የነበረውን አስታውሰው እነሱ ራሳቸው ያወሩልን ጀመር። ስለ 1987 ስንነግራቸው ግን ዝም አሉ። ክፍሉን ዙሪያውን አዩት። በመስኮቱ በኩል አስም ያለባቸው ታላቅ ወንድማቸው ተቀምጠዋል። ፍራሹ ላይ ከአርባ ቀኗ ብዙም ያላለፈች የልጅ ልጅ ልጃቸው ተኝታለች። ሲመለሱ መጀመሪያ የሚያቅፏቸው እነዚህ ናቸው።

«እንግዲህ እኔን ብቻ የሚነካ መስሎኝ ነው» አሉና፣ ያ የሳቀውን የልጅ ልጅ ጠርተው «ነገ በጠዋት ትወስደኛለህ» አሉት።

ወሰዳቸው። አላህ ሐጃቸውን ይቀበላቸው፣ በሰላም ሄደው በሰላም ይመለሱ። ለመንገድ ለተነሱት ሁሉ፣ ቤት ሆነው ለሚጠብቋቸውም ዓፊያ ይስጥልን።

ወላሁ አዕለም። ጽሑፉን ተጓዥ ላለባቸው ቤተሰቦች አድርሱ።